የፊውዥን ማሽን ሲጠገንና ሲሻሻል የሚሠሩ ስህተቶች

ስለ ፊውዥን (ቀላል አቶሞች ተዋሕደው ኃይል ስለሚሰጡበት ሂደት) ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ሙቀቱ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሚግል ፕላዝማ (ከመጋሉ የተነሳ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጋዝ)፣ ፀሐይን ምድር ላይ ማምጣት ምናምን። ይገርማል፣ አልክድም። ግን እነዚህን የምርምር ማሽኖች ለወራት፣ ሲብስም ለዓመታት ዘግቶ የሚያስቀምጣቸው ብዙ ጊዜ ፕላዝማው አይደለም። ቱቦ ነው። ብየዳ ነው። ሽቦ ላይ የተጠመጠመ ሽፋን ነው።

ማግኔቱን አምኖ መገጣጠሚያውን መርሳት

ፕላዝማው ግድግዳውን እንዳይነካ የሚይዘው ትልቁ ማግኔት ፋብሪካ ውስጥ ተፈትኖና ተፈርሞበት ይመጣል። ጫፉ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ግን ሠራተኞች እዚያው ማሽኑ ጋ፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጣጥፈው በእጃቸው ነው የሚሸፍኑት። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። ጃፓን ናካ ያለው ጄቲ-60ኤስኤ የተባለ ማሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሙከራ ላይ እያለ የአንድ ኮይል (ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል) መገጣጠሚያ ሽፋን አልችል አለ፤ ኤሌክትሪኩ ብልጭ ብሎ ጉዳት አደረሰና ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም አየር ወደተመጠጠበት ክፍል (ቫኪዩም) ፈሰሰ። የመጀመሪያው ፕላዝማ የተገኘው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። በተለመደው አየር ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ የቻለ ሽፋን፣ ግፊቱ በወረደ ጋዝ ውስጥ ላይችል ይችላል፤ ምክንያቱም ሳሳ ያለ ጋዝ በአነስተኛ ቮልቴጅም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል (በጣም ሲሳሳ ደግሞ መልሶ ይከብደዋል፣ ነገሩ እንዲህ ተንኮለኛ ነው)። የፓሸን ፈተና የሚባለው ሽፋኑ እነዚህን ዝቅተኛ ግፊቶች ሁሉ ማለፉን የሚያየው ነው። እሱ ሳይደረግ «ተፈትኗል» ማለት ብዙም ዋጋ የለውም።

ትንንሾቹን ኮይሎች መናቅም የዚሁ ዘመድ ነው። አሜሪካ ፕሪንስተን ያለው ኤንኤስቲኤክስ-ዩ የተባለ ማሽን ትልቅ ማሻሻያ ተደርጎለት ሥራ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከትንንሾቹ ኮይሎች አንዱ ሾርት አደረገ። ማሽኑ ለዓመታት ቆመ።

«ጸድቷል» ሲባል ዝም ብሎ ማመን

ፕላዝማው የሚፈጠርበት ዕቃ ውስጥ አየር መቅረት የለበትም። የጣት አሻራ እንኳን ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ነው ያለ ጓንት ምንም የማይነካው። ነሐስ የሚመስሉ ዚንክ ያለባቸው ብረቶችም ውስጥ አይገቡም፣ ሲሞቁ ዚንኩ ይተናልና። የማያሳልፍ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ብሎን ደግሞ ከሥሩ አየር ያፍናል። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ማሽኑ የተሸነቆረ ይመስላል፣ ሰዉም የሌለ ሽንቁር ሲፈልግ ይከርማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብሎኑን መሐሉን የተበሳ ማድረግ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማጽጃው ራሱ ሲበድል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እየተገነባ ባለው ኢተር የተባለ ማሽን፣ የሙቀት መከላከያ ፓነሎቹ ማቀዝቀዣ ቱቦዎች ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ቱቦዎቹ ሲታጠፉና ሲበየዱ ውጥረት ቀርቶባቸዋል፤ በዚያ ላይ በብየዳው ዳርና ዳር ከማጽጃው ትንሽ ክሎሪን ተርፎ ብረቱን ቀስ በቀስ በላው። 23 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቱቦ መነሳት ነበረበት። ስለዚህ «ታጥቧል» የሚለውን ወረቀት ከመቀበል በፊት ውኃ የሚያቁሩትን ጥጋጥጎች ማየት ነው።

አዲስ ግድግዳ፣ የድሮ አሠራር

ይኼ የምወደው ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ጎበዞች የሚሠሩት ነው። እንግሊዝ ከልሃም የነበረው ጄት የተባለ ማሽን ለረጅም ጊዜ የካርቦን ግድግዳ ነበረው። ካርቦን ሙቀት ይችላል፣ ግን ለነዳጅነት የሚገባውን ትሪቲየም (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) ይዞ ያስቀራል፤ ትሪቲየም ደግሞ ውድም ራዲዮአክቲቭም ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ግድግዳው በቤሪሊየምና በተንግስተን ተተካ።

ተንግስተን ከ3400 ዲግሪ በፊት አይቀልጥም። ችግሩ አቶሙ ከባድ ነው። ጥቂቱ ወደ ፕላዝማው መሐል ከገባ ኃይሉን በጨረር እያስወጣ ከውስጥ ያበርደዋል። በካርቦን ጊዜ የሠራው አሠራር በአዲሱ ግድግዳ እንደነበረ አልሠራም፤ ዳሩ ላይ ጋዝ መጨመር፣ መሐሉን ለብቻ ማሞቅ፣ ብዙ ነገር እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነ። ፍሬው በኋላ መጣ። በካርቦኑ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በአንድ ሙከራ ከፊውዥን የተገኘው ኃይል 22 ሜጋጁል ገደማ ነበር፤ በ2021 59፣ በ2023 ደግሞ 69 ሜጋጁል ተገኘ። ግድግዳ ቀይሮ በሳምንቱ የድሮውን ውጤት የሚጠብቅ ኃላፊ ካለ፣ ይህን ቀድሞ ይወቅ። ለመልመጃ ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

ነገም በእጅ የሚነካ ይመስል መሥራት

ነዳጅ የሚሆኑት ሁለቱ የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም፣ ሲዋሃዱ የሚወጣው ኒውትሮን ብረቱን ራሱን ራዲዮአክቲቭ ያደርገዋል። ብረቱ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮባልት ወደ ኮባልት-60 ይቀየራል፣ የሱ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ ከ5 ዓመት በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው አይገባም። ጄት እ.ኤ.አ. በ1998 ዳይቨርተሩን (ከፕላዝማው የሚወጣውን ሙቀትና ቆሻሻ የሚቀበለውን ክፍል) የቀየረው ከርቀት በሚታዘዝ ክንድ ነበር። ዛሬ ሰው ተጠማዞ በእጁ የሚፈታው ብሎን ነገ ለክንዱ አይመችም። ሲገጠም ነው መታሰብ ያለበት።

ለማቀዝቀዝ መቸኮል

ብዙዎቹ የሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲበርድ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያሳልፍ ቁስ) ማግኔቶች የሚሠሩት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብረት ሲበርድ ይኮማተራል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ከቀደመ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ሳምንታት ይወስዳል። ይውሰድ።

ሁሉንም በአንዴ መቀየር

አራት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይረህ ፕላዝማው ሲበላሽ ጥፋተኛው የቱ ነው? አታውቅም። ጀርመን ግራይፍስቫልድ ያለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የተባለ ማሽን በደረጃ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያለ ዳይቨርተር ጀመረ፣ ቀጥሎ በውኃ የማይቀዘቅዝ ዳይቨርተር ሞከረ፣ ከዚያ በ2022 በውኃ የሚቀዘቅዘውን ይዞ ተመለሰ። በ2023 መጀመሪያ ፕላዝማውን 8 ደቂቃ አቆየው።