ግሪን ካርድ እንዴት ይታደሳል? እኔ የተሳሳትኩባት አንዲት ጥያቄ

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ፣ ከእንግዲህ ከፎርም ጋር የተፋታሁ መስሎኝ ነበር። ግሪን ካርድ ግን አስር ዓመት ሲሞላው ይታደሳል። የማሳደሻው ፎርም አይ-90 ይባላል። ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው። እኔ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ካርዳችሁን አውጡና የማብቂያ ቀኑን እዩ። በጋብቻ መጥታችሁ ካርዳችሁ የሁለት ዓመት ከሆነ አይ-90 የእናንተ ፎርም አይደለም። የእናንተ የሁለት ዓመቱን ገደብ ለማስነሳት የሚሞላው አይ-751 ነው፤ ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ይገባል። እሱን በቀልድ አትዩት፤ ካላስገባችሁ ነዋሪነታችሁም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። የአስር ዓመት ካርድ የያዘ ሰው ግን ካርዱ ቢያልቅም ነዋሪነቱ አያልቅም። ችግሩ አዲስ ሥራ ሲገባ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያሳድስና ሲጓዝ ነው የሚመጣው። ደግሞም 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ የሕግ ግዴታው ነው።

ገና ቪዛ ተመቶላችሁ ከአዲስ አበባ የምትነሱ፣ ለመጀመሪያው ካርድ የተለየ ማመልከቻ የለባችሁም። 235 ዶላሩን የኢሚግራንት ክፍያ ኦንላይን ትከፍላላችሁ፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ፣ ስትገቡ ማህተም ከተደረገበት በኋላ፣ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል።

ለማሳደስ ማመልከት የሚቻለው ካርዱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት አትቸኩሉ።

እግረ መንገዴን፦ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ዜግነትም ማሰብ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ኤን-400 ኦንላይን 710 ዶላር ነው፤ ከታህሳስ 2022 ወዲህ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸው ደብዳቤ ራሱ ግሪን ካርዱን 24 ወር ያራዝማል። ስለዚህ ዜግነት የሚያመለክት ሰው ለአይ-90 ሌላ ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅበትም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ እኔ ፓስፖርቴን መልቀቅ አልሆነልኝም። ቢጫ ካርድ አለልህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እስካሁን ልቤ እሺ አላለም።

ቀጥሎ ዩኤስሲአይኤስ በሚባለው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱ። አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» የሚያልቀውን ብቻ ተጠቀሙ፤ መልኩን አስመስለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ሞልተዋል። «ፎርም እንሞላለን» የሚሉ ሱቆችንም ለዚህ ፎርም አልመክርም። እነሱም የሚሞሉት እናንተ የነገራችኋቸውን ነው። አንድ ጊዜም ቢሆን ፖሊስ ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ጠጥቶ መንዳትም ይሁን ሌላ፣ ፎርሙን ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። አሻራችሁ እንደገና ይመረመራልና።

አሁን እኔ ወደ ወደቅኩባት ጥያቄ እንምጣ። ፎርሙ ለምን እንደምታመለክቱ ይጠይቃችኋል። ካርዴ አልቋል ወይም በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል። ተላከ ተብሎ እጄ አልገባም። መረጃዬ በሕግ ተለውጧል። በመሥሪያ ቤቱ ስህተት የተሳሳተ ነገር ተጽፎበታል። ከነዚህ አንዱን ብቻ ነው የምትመርጡት።

የተወለድኩት መስከረም 5 ቀን 1978 ነው። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15፣ 1985 ይሆናል። የመጀመሪያ ፓስፖርቴን ሳወጣ ፎርሙን የሞላልኝ ሰው ዓመቱንና ወሩን ወደ ፈረንጅ ቀየረ፣ ቀኑን እንዳለ ተወው። ሴፕቴምበር 5 ሆንኩ። ያኔ አስር ቀን ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልኩ። ፓስፖርቱ ወደ ቪዛው፣ ቪዛው ወደ ካርዱ ያንኑ ቀን አስተላለፈ። በኋላ ፓስፖርቱን ሳሳድስ ቀኑን አስተካከልኩ። ካርዱ ግን በአሮጌው ቀን ቀረ።

የማሳደሻ ጊዜዬ ሲደርስ «የመሥሪያ ቤቱ ስህተት» የሚለውን አየሁ። በዚህ ምክንያት የሚያመለክት ሰው ክፍያ የለበትም። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ስህተት ነው፣ እኔ ደግሞ ገንዘብ አልከፍልም፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ? መረጥኩት። ዋናውን ካርድ ላክ ይላል፣ ላክሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኖ መጣ። ካርዱ የታተመው ቪዛው ላይ ባለው መሠረት ነው፣ ስህተቱ የእኛ አይደለም ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ካርድም የለኝ፣ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፤ ክፍያውም አልቀረልኝ።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ካርዱን ከቪዛው ጎን አስቀምጡት። ቪዛው ትክክል ሆኖ ካርዱ ከተሳሳተ ስህተቱ የነሱ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ካለባቸው የእናንተ ነው፤ «መረጃዬ በሕግ ተለውጧል» የሚለውን መርጣችሁ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ትከፍላላችሁ። ምንም የሚስተካከል ነገር ከሌለ «አልቋል ወይም ያልቃል» የሚለው ይበቃል።

ስምም ያው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ በዚያ ቦታ የሚቀመጠው የአያት ስም ነው። ሥራ ቦታ በአባታችሁ ስም ብትጠሩም ፎርሙ ላይ ካርዱ እንደጻፈው ጻፉ። «ኃይለ ማርያም» ካርዱ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አጣብቁት። ፎርም እየሞላችሁ ፊደል ለማሳመር አትሞክሩ።

የቀረው ቀላል ነው። ካርዱን ፊትና ጀርባውን አንሱና ጫኑ፤ የስልክ ካሜራ ይበቃል፣ ጥግ ጥጉ እንዳይቆረጥ ብቻ። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ክፍያው ኦንላይን 415 ዶላር፣ በወረቀት 465 ነው። ወረቀቱን ለምን እንደሚመርጡ አይገባኝም፤ 50 ዶላር ጨምሮ ፖስታ መጠበቅ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋው አለመቀየሩን እዚያው ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይላክላችኋል። ይቺን ወረቀት እንደ ካርዱ ጠብቋት። ከመስከረም 2024 ወዲህ ለእድሳት የሚላከው ደብዳቤ ካለቀው ካርድ ጋር ሲያዝ 36 ወር ያራዝማል። ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ካላችሁ ሁለቱንም በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ውስጥ ካስገባችሁት ቦሌ ላይ ስትመለሱ ምን ልታሳዩ ነው? ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ ግን ካርድም ደብዳቤም አይበቃም፤ ሳትወጡ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ጠይቁ።

ለአሻራ ከተጠራችሁ በቀጠሮው ቀን ሂዱ። ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ በአካውንታችሁ አሳውቁ፤ የአፓርትመንት ቁጥሩንም አትርሱ። ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም። የኢሚግሬሽን ፖስታ ተከትሏችሁ ወደ አዲሱ ቤት አይመጣም፣ ወደ ላኪው ነው የሚመለሰው።

ካርዱ ሲመጣ ፖስታውን ከመጣላችሁ በፊት ስሙን፣ የልደት ቀኑንና ነዋሪ የሆናችሁበትን ቀን አንድ በአንድ አንብቡ። እኔ አዲሱን የከፈትኩት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። 15 ይላል።