ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጨዋታው ይቁም

ይህን የምጽፈው ገና ሥራ ለጀመራችሁ ረዳት አብራሪዎች ነው፤ በተለይ ለወሎ ልጆች። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። የሐይቅን ውሃና የጦሳን ተራራ ከላይ ማየት እንዴት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። «የኛ ሰፈር ያውና!» ማለት ያምራችኋል። አትበሉ። ካረፋችሁ በኋላ ትናገሩታላችሁ።

ከ10,000 ጫማ በታች ከበረራው ሥራ ውጭ ወሬ ክልክል እንደሆነ ተምራችኋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ደንብ ነው። ከፍታው ግን የሚለካው ከባሕር ጠለል ነው፤ ወሎ ላይ አይበቃም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ8,000 ጫማ በላይ ማለት ነው። እናንተ 10,000 ላይ ስትደርሱ ከከተማዋ በላይ ያላችሁ 2,000 ጫማ እንኳ አይሞላም። የኮምቦልቻ ማረፊያ ደግሞ 6,000 ጫማ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከማረፊያው ተነስታችሁ 10,000 ቁጠሩ፤ ጸጥታው 16,000 ላይ ይጀምር። ቁጥሩን መውረድ ሳትጀምሩ፣ ብሪፊንግ ላይ ተነጋገሩበት።

የሚከብደው ካፒቴኑን ዝም ማሰኘቱ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲያወራ አይቋረጥም። እንግዲያው ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ካፒቴን፣ ከ16,000 በታች ጨዋታ ከመጣ ላስታውስዎት?» በዚህ የሚቆጣ ጥሩ ካፒቴን አላውቅም።

አሁን ዓይናችሁ ወደ ውጭ። ሰማዩን ባንድ ጊዜ ጠርጋችሁ ለማየት አትሞክሩ፤ የሚሮጥ ዓይን ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ከፋፍላችሁ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም እያላችሁ እዩ። ሊጋጫችሁ የሚመጣ አውሮፕላን መስታወቱ ላይ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ባለበት ሆኖ እየተለቀ ይመጣል። ከመስኮቱ ቋሚ ጀርባ ከተሸሸገ ጭራሽ አይታይም። ጭንቅላታችሁን ወደ ፊትም ወደ ጎንም አንቀሳቅሱ።

«አየነው» ካላችሁ ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ኃላፊነቱ የናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳንዲያጎ ላይ የአንድ ቦይንግ 727 አብራሪዎች ከፊታቸው ስላለች ትንሽ ሴስና ተነግሯቸው ነበር። አየናት አሉ። ከዚያ ጠፋችባቸው። እርስ በርስ ተጠያየቁ እንጂ መጥፋቷን ለመቆጣጠሪያው ማማ በግልጽ አልነገሩም። በግጭቱ 144 ሰው ሞተ። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ከዓይናችሁ ከጠፋ ወዲያው በራዲዮ «ጠፍቶብናል» በሉ። ማንም አይስቅባችሁም።

ለገና ሰሞን ወደ ላሊበላ በረራ ሲበዛ ሬዲዮውን በደንብ አድምጡ። ማን የት እንዳለ፣ በስንት ጫማ እንዳለ በአእምሯችሁ ሳሉ።

ቲካስ፣ ማለትም ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳትጋጩ የሚያስጠነቅቃችሁ መሣሪያ፣ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ካለ ታዘዙት፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ቢልም እንኳ። ግን ትራንስፖንደሩ (ያለበትን ለሌሎች በራዲዮ የሚያሳውቀው መሣሪያ) የማይሠራ አውሮፕላን አይታየውም። ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ በታች ደግሞ ያን ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል። እዚያ የሚቀራችሁ ዓይናችሁና ሬዲዮው ነው።