የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ ጨጓራ የማይነሳበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በርበሬው ይወቀሳል፣ ጾሙ ይወቀሳል፣ ቡናው ይወቀሳል። አሁን አሁን ደግሞ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ወሬው ሁሉ ኤች ፓይሎሪ ሆኗል። ሰው ስለ ባክቴሪያው ሰምቷል፤ ስለ ምርመራው ግን ገና ነው። ላቦራቶሪ ስለምሠራ ጣጣው የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

መዳንን በደም ምርመራ ማረጋገጥ። ይኼኛው ያበሽቀኛል። በደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጭቃው እንደሚቆይ ሁሉ፣ አንቲቦዲውም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል።

አንድ የአዘዞ ነጋዴ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ ፍሬው ያለቀ የአሞክሳሲሊንና የክላሪትሮማይሲን እሽግ፣ አራት ላይ የታጠፉ የውጤት ወረቀቶች። ሁሉም «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላሉ። ሁሉም የደም ናቸው። መድኃኒት ይውጣሉ፣ ይመረመራሉ፣ ፖዘቲቭ ይባላሉ፣ እንደገና መድኃኒት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር አልለቀኝ አለ። አፌንም ብረት ብረት ይለኛል» አሉኝ።

ብረት ብረት የሚያሰኘው ክላሪትሮማይሲኑ ነው። አንቲባዮቲኩን ከጨረሱ አራት ሳምንት እስኪሞላቸው ጠበቅን፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ሐኪማቸው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልም አስቁሟቸው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ሠራንላቸው። ኔጋቲቭ! ባክቴሪያው መቼ እንደለቀቃቸው እግዜር ይወቀው። በከንቱ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ ሆድ አበላሽቶ ብቻ አይተውም፤ ባክቴሪያዎችን ከመድኃኒት ጋር ያላምዳል።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ብቻ አትዩ። የተወሰደው ናሙና ደም ነው ወይስ ሰገራ? አንቲቦዲ ይላል ወይስ አንቲጅን? አንቲጅን ከሆነ የተፈለገው የባክቴሪያው የራሱ አካል ነው። መዳናችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሰገራ አንቲጅን ወይም ባለበት ቦታ የትንፋሽ ምርመራ ጠይቁ። በትንፋሹ ምርመራ ምልክት ያለበት ዩሪያ ትጠጣላችሁ። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በትንፋሻችሁ ይለካል።

መድኃኒት በጨረሱ ማግስት መምጣት። ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቁ። የተዳከመና ቁጥሩ የቀነሰ ባክቴሪያ ከምርመራው ሊያመልጥ ይችላል።

ኦሜፕራዞልን እንደ መድኃኒት አለመቁጠር። «መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» ስል «ኧረ ምንም!» ይሉኛል። የናሙናውን ዕቃ ተቀብለው በር ሲደርሱ ዞር ብለው «ያቺን የጨጓራዋን ካፕሱል ብቻ ነው ጠዋት ጠዋት...» ያቺው ናት እኮ! አሲዱን ስትቀንስ ባክቴሪያውንም ታዳክመዋለች። ከዚያ ውጤቱ በሐሰት ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለባት። ማንኛውም አንቲባዮቲክና ቢስሙዝ የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ አራት ሳምንት። ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ በተለይ ቁስለታችሁ ደምቶ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪሙን አማክሩ። ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ አንቲጅኑ ፖዘቲቭ ከወጣ ግን ውጤቱ ያው ፖዘቲቭ ነው።

ናሙና አስቀምጦ መቆየት። ትኩሱን አምጡ። በክብሪት ቀፎ ሳይሆን በተሰጣችሁ ዕቃ።

ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባው ባለካሜራ ቱቦ) ሁሉን ያሸንፋል ማለት። ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ሲታመም፣ ማስረጃው የተገኘው በኢንዶስኮፒ ከጨጓራው በተወሰደ ናሙና ነበር። ዛሬ ግን ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ብቻ ለሁሉም ሰው ቱቦ ማስገባት አያስፈልግም። ወጣት ከሆናችሁና አደገኛ ምልክት ከሌለባችሁ ሰገራው ይበቃል። ደግሞ ኢንዶስኮፒም ከኦሜፕራዞል አያመልጥም። ከጨጓራ የተቆረጠችው ቅንጣት ባክቴሪያ ካለባት የምትገባበትን ቢጫ ጄል ወደ ሮዝ ትቀይረዋለች፤ ካፕሱሉ ባክቴሪያውን ካሳነሰው ግን ቢጫው ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በሚደማ ቁስለትም እንዲሁ ሊሸውድ ይችላል።

ለኢንዶስኮፒ ባዶ ሆድ ኑ ሲባል «ቁርስ አልቀመስኩም፣ ቡና ብቻ ነው» አይሠራም። ወተት ከገባበት ጭራሽ።

ሲያስፈልግ ደግሞ ከኢንዶስኮፒ መሸሽ። ከላይኛው የሚብሰው ይኼ ነው። ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ምግብ አልወርድ ማለት፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር መኖር፣ ወይም በዕድሜ ገፋ ካሉ በኋላ አዲስ የመጣ ሕመም ካለ የሰገራ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ባክቴሪያው አለ ወይም የለም ይላል እንጂ ቁስለቱን ወይም ዕጢውን አያሳይም። ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የሚኬደው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የአይረን ክኒንና ቢስሙዝም ሰገራ ያጠቁራሉ፤ ከወሰዳችሁ እዚያው ለሐኪሙ ንገሩት፤ ይኼን ተማምናችሁ ግን ቤት አትቅሩ።