ወድቆ ወደ መድረክ መመለስ፦ ከቲና ተርነር የምንማረው

ዘፋኝ ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። አንድ ዘፈን ይወጣና ስልኩ ዕረፍት ያጣል። ሰርግ ነው፣ ክለብ ነው፣ ኮንሰርት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፍና ስልኩ ጭጭ ይላል። ያኔ ሰውየው "በቃ አበቃልኝ" ማለት ይጀምራል።

እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ላላችሁ፣ ወይም ገና አሁን ዘፈን ተሰምቶላችሁ ነገን ለምታስቡ፣ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የቲና ተርነርን መንገድ ላሳያችሁ። ከላይ ወድቃ፣ መሬት ነክታ፣ ከበፊቱም በላይ የወጣች ዘፋኝ ስፈልግ ከእሷ የበለጠ አላገኘሁም። ዕድል ብቻ አይደለም የመለሳት። ያደረገቻቸው ነገሮች አሉ፣ እኛም ልናደርጋቸው እንችላለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ከሁሉ በፊት፦ ስማችሁ የማን ነው?

ቲና ስሟ ቲና አልነበረም። አና ሜ ቡሎክ ነው። በ1939 ቴነሲ ውስጥ ተወለደች፣ ነትቡሽ በምትባል ጥጥ የሚመረትባት ትንሽ ቦታ አደገች። በ1957፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከእህቷ ጋር ኢስት ሴንት ሉዊስ ወዳለው ክለብ ማንሃተን እየሄደች የአይክ ተርነርን ባንድ ታይ ነበር። አንድ ምሽት በዕረፍት ሰዓት ድራመሩ ማይኩን ለእህቷ ዘረጋላት። እህቷ እምቢ አለች። አና ተቀበለችውና ዘፈነች። ባንዱ ውስጥ የገባችው እንዲያ ነው።

በ1960 ደግሞ ለሌላ ዘፋኝ ስቱዲዮ ተይዞ ዘፋኙ ቀረ። ለሙከራ ያህል እሷ ዘፈነችው። ያ ቀረጻ ሂት ሆነ። አይክ ታዲያ ሳያማክራት "ቲና ተርነር" የሚል ስም አወጣላት፣ ስሙንም በራሱ አስመዘገበው። ለምን? ይህችኛዋ ብትሄድ ሌላ ሴት አምጥቶ "ቲና ተርነር" ብሎ መድረክ እንዲያወጣ ነው።

እስኪ አስቡት። ሕዝብ ስምሽን እየጠራ ያጨበጭባል፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ዛሬም ይሄ ነገር መልኩን ቀይሮ አለ። የዩቲዩብ ቻናላችሁ በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? የቲክቶኩ አካውንት በማን ስልክ ቁጥር ነው? የማውቀው አንድ ልጅ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ሲጣላ ቻናሉ እዚያው ቀረ። ዘፈኖቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ፣ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ይገባል፣ እሱ ከዜሮ ጀምሮ ሰብስክራይበር ይለምናል። ስለዚህ ስትፈርሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ የመድረክ ስሙ የማን እንደሆነ፣ የተቀረጸው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ግጥምና ዜማው በማን ስም እንደሚመዘገብ። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል" የሚላችሁ ካለ ወረቀቱን ደግማችሁ አንብቡ። አይክ ከቤተሰብም አልፎ ባሏ ሆኗል።

አልሰማ ያለ ዘፈን ሲገጥማችሁ

በ1966 በዘመኑ ስሙ የገነነው ፕሮዲውሰር ፊል ስፔክተር ቲናን ሊቀርጻት ፈለገ። አይክ ግን ስቱዲዮ ድርሽ እንዳይል ብሎ ስፔክተር 20,000 ዶላር ከፈለው። ቲና ያንን አንድ ዘፈን ደጋግማ ደጋግማ ዘፈነችው፣ ላቡ ሸሚዟን ስላጠበው አውልቃ ጥላ በጡት ማስያዣ ቆማ እስክትዘፍን ድረስ። እንደዚያ ተለፍቶበት አሜሪካ ውስጥ 88ኛ ደረጃ ላይ ቀረ። ለጥቁሮቹ ጣቢያዎች በጣም የነጭ፣ ለነጮቹ ጣቢያዎች በጣም የጥቁር ሆነባቸው። ማን ያጫውተው?

እንግሊዝ ላይ ግን ያው ዘፈን 3ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የእንግሊዞቹ ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ እንግሊዝን ሲዞሩ አብራቸው ዞረች። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከ17 ዓመት በኋላ ከሞት የሚያስነሳት ቀረጻ የሚሠራው እዚያው እንግሊዝ ነው።

እናንተም ዘፈናችሁ ሰፈራችሁ ላይ ዝም ሲል "ወደቀ" ከማለታችሁ በፊት ዩቲዩብ ስቱዲዮን ክፈቱና የትኛው አገር ያለ ሰው እየሰማው እንደሆነ እዩ። አዲስ አበባ ያላወቀው ዘፈን ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ በየቤቱ ሊሰማ ይችላል። ከተገኘ ወደዚያ ሂዱ። በቪዲዮ ሰላም በሉአቸው፣ የዝግጅት አዘጋጅ ፈልጉ፣ ትንሽም ብትሆን መድረክ ያዙ።

ስትወጡ የምትይዙት

በ1971 አይክና ቲና አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ የደረሰ ዘፈን ነበራቸው፣ በእሱም የግራሚ ሽልማት አገኙ። ከውጪ ሲታይ ጫፍ ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ይደበድባት ነበር። ለዓመታት።

ሐምሌ 1976። ዳላስ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል ሲሄዱ መኪና ውስጥ መታት። በዚያን ቀን ግን መልሳ መታችው። ሆቴል ደርሰው እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ደም በነካው ነጭ ልብሷ በጓሮ በኩል ወጣች፣ ከባድ መኪኖች የሚከንፉበትን አውራ ጎዳና በሩጫ ተሻግራ ማዶ ያለ ሌላ ሆቴል ገባች። የያዘችው 36 ሳንቲምና የቤንዚን መግዣ ካርድ ነበር። ያለ ገንዘብ ክፍል ሰጧት።

ፍቺው በ1978 ሲያልቅ ቲና ለገንዘብ አልተከራከረችም። ከጥቂት ነገር በቀር ሁሉን ተወችለት። የያዘችው ስሙን ነው። ያ አይክ ያስመዘገበው፣ ሳትጠየቅ የተሰጣት ስም የእሷ ሆነ። ከስሙ ጋር ዕዳ መጣ። ጥላው የወጣችው የኮንሰርት ዙር ስለተሰረዘ አዘጋጆቹ ገንዘባቸውን ጠየቁ፣ የግብር ዕዳም ነበረ። ተሸከመችው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ሞኝ ናት፣ ግማሹን መውሰድ ነበረባት" ይላል። እኔ አይመስለኝም። ቤትና መኪና ተሽጦ ያልቃል። በዚያ ስም ግን ዘፍና የሠራችውን ያህል አይክ ከሰጣት ምንም ነገር ላይ አታገኝም ነበር። ከመጥፎ ውል ስትወጡ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ዝርዝር አውጡ፦ ነገ የሚያበላኝ የትኛው ነው? ስሙ ነው? የድሮ ዘፈኖቹ ናቸው? ቻናሉ ነው? እሱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ለሌላው አትታገሉ። ደግሞ የሚደበድባችሁ ሰው ጋር ያላችሁ ከሆነ ዝርዝሩም ውሉም በኋላ ይደረሳል። ቅድሚያ ነፍሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጭጭ ባለው ዘመን መሥራት

ከዚያ የመጡት ዓመታት ብዙ አይወሩም። ወዳጆቿ ቤት ተጠግታ ቤታቸውን እያጸዳች ኖራለች። መንግሥት ለችግረኛ በሚሰጠው የምግብ ኩፖን ልጆቿን አብልታለች። የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ጨዋታ ላይ እንግዳ ሆና ቀርባለች። ላስ ቬጋስና ሆቴል ቤቶች ውስጥ፣ ሰው እራቱን እየበላ፣ ዘፍናለች። በ1978 እና በ1979 ብቻዋን ያወጣቻቸው ሁለት አልበሞች አልተሰሙም።

ግን አንድም ቀን ድምፅዋ አላረፈም። ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ዘፋኝ ሲወድቅ ትልቁ አደጋ ድህነቱ አይደለም፣ እፍረቱ ነው። "እኔ ስቴዲየም የሞላሁ ሰው ለሃምሳ ሰው አልዘፍንም" ይልና ቤቱ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጉሮሮ ደግሞ ዝገት ይይዛል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ግጥም ይረሳል፣ ከሰው ዓይን ጋር መግጠም ያስፈራል። እራት የሚበሉ ሃምሳ ሰዎችን ማንኪያ አስቀምጠው ቀና እንዲሉ ማድረግ ከቻላችሁ ስቴዲየም አይከብዳችሁም።

ስለዚህ ሥራ ሲጠፋ እንዲህ አድርጉ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ምሽት ሰው ፊት ዝፈኑ፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም። ዕዳችሁን በወረቀት ጻፉና ከትንሹ ጀምራችሁ ክፈሉ፣ አበዳሪን አትሽሹ፣ ደውሉለት። አዲስ አልበም ለማሳተም ግን አትበደሩ፣ ጊዜው ገና ነው።

"አይሆንም" የሚላችሁን ሰው ፈልጉ

ቲና በዚያ ዘመን መጨረሻ ላይ ሮጀር ዴቪስ ከሚባል ወጣት አውስትራሊያዊ ማናጀር ጋር ተገናኘች። እሱ ያያት በሚያብለጨልጭ ቀሚስ፣ ከጨፋሪዎች ጋር፣ የሆቴል ቤት ዘፈን ስትዘፍን ነው። ጉልበቷን አየ፣ ዙሪያዋ ያለውን ነገር ግን አልወደደውም። ልብሱ ይቀየር፣ ባንዱ ይቀየር፣ ሮክ እንዝፈን አላት። ተስማማች።

ማናጀር ስትመርጡ መለኪያችሁ ይሄ ይሁን። "አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ" እያለ የሚውል ሰው ደጋፊ እንጂ ማናጀር አይደለም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቢያንስ አንድ የሚያናድዳችሁ እውነት ካልነገራችሁ ሌላ ፈልጉ።

አዲሱን ነገር ይዘው ኒው ዮርክ ሪትዝ የሚባል የሮክ ክለብ ገቡ። በ1981 ዘፋኙ ሮድ ስቱዋርት እዚያ አይቷት ቴሌቪዥን ላይ አብራው እንድትዘፍን ጠራት። ሮሊንግ ስቶንስም ኮንሰርታቸውን እንድትከፍት ወሰዷት፤ የ1966 ወዳጅነት እንዲህ መልሶ ከፈለ። በ1983 መጀመሪያ ደግሞ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ የአሳታሚ ድርጅቱ አለቆች ሊጋብዙት ሲሉ እሱ የሚወዳትን ዘፋኝ ለማየት ሪትዝ እንደሚሄድ ነገራቸው። ተከትለውት ሄዱ። ያን ምሽት ደከም ብላ ቢሆን ኖሮስ? ሰው የሚያየን የቱ ቀን እንደሆነ ስለማናውቅ ማክሰኞውንም እንደ ቅዳሜ መዝፈን ነው ያለብን።

ያልወደዳችሁትን ዘፈን ሞክሩት

በ1983 እንግሊዝ ሄዳ፣ በሲንተሳይዘር ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር፣ የአል ግሪንን የድሮ ዘፈን እንደገና ቀረጸች። እንግሊዝ ላይ ስድስተኛ ወጣ። ያኔ ነው አሜሪካ ያለው አሳታሚ ድርጅት ደንግጦ "አልበም ቶሎ" ያለው። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ በሁለት ሳምንት ገደማ ተሠራ። ካስታወሳችሁ፣ በ1966 በሩን የከፈተላት አገር ነው።

ከዘፈኖቹ አንዱን ስትሰማው ጭራሽ አልወደደችውም። ለስለስ ያለ ፖፕ ሆነባት። አቀናባሪው ቴሪ ብሪተን ግን በእሷ ቁልፍና በእሷ ሻካራ ድምፅ ልክ እንዲሆን አብሯት ሠራው። መስከረም 1984 ያ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ፣ ሦስት ሳምንትም ቆየ። ቲና 44 ዓመቷ ነበር፣ ብቻዋን በስሟ አንደኛ ስትወጣም የመጀመሪያዋ ነው። በማግስቱ ዓመት ሦስት ግራሚ ወሰደች። በ1988 ብራዚል፣ ሪዮ ማራካና ስቴዲየም ላይ 180,000 ያህል ሰው ፊት ቆመች።

ዜማ ሲመጣላችሁ "የእኔ አይደለም" ብላችሁ በአንድ ጊዜ አትመልሱ። ቁልፉን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት። ፍጥነቱን ቀይሩት። በራሳችሁ ድምፅ አንድ ጊዜ በስልክ ቅረጹና በማግስቱ ጠዋት ስሙት። ያኔም ካልጣማችሁ ተዉት። የቀን አቆጣጠሩንም ልብ በሉልኝ፤ ከዳላስ እስከ አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ነው። ዛሬ ለስድስት ወር ቪው ሲቀንስ የምንሸበረው ሰዎች ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ጥሩ ነው።

ታሪካችሁን ራሳችሁ ንገሩ

በ1981 ስለ ድብደባው ለአንድ መጽሔት ተናገረች፣ በ1986 ደግሞ ሕይወቷን በመጽሐፍ አወጣች። አንዴ ልንገራቸውና ይለቀኝ ብላ ነው። አልለቀቃትም፣ እስከ እርጅናዋ ጋዜጠኛ ስለ አይክ ይጠይቃት ነበር። ይህን አውቃችሁ ግቡበት፦ አንዴ የተናገራችሁትን ሰው ደጋግሞ ይጠይቃችኋል። ቢሆንም ሌላ ሰው በሐሜት ከሚያወራው ይሻላል። የፊልም ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ስለምትደበደብ ሴት በሚተርክ ፊልም ላይ እንድትሠራ ሲጠይቃት ግን እምቢ አለች፤ ያንን ሕይወት ከኖረችው ወዲያ መልሳ ልትጫወተው አልፈለገችም። የመከራ ታሪክ ገበያ ስላለው ብቻ ሁልጊዜ መሸጥ የለበትም።

መቆሚያውንም ራሷ መረጠች። የመጨረሻ ኮንሰርቷ ግንቦት 2009 ሼፊልድ፣ እዚያው እንግሊዝ ነው። በ2013 የስዊዘርላንድ ዜጋ ሆነች። በ2021፣ 81 ዓመቷ ሳለ፣ የሙዚቃ መብቶቿን ቢኤምጂ ለሚባል ድርጅት ሸጠች። ከመብቶቹ ጋር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ "ቲና ተርነር" የሚለው ስም። በ1978 ሁሉን ትታ የያዘችው ስም ነው። በዚያ ቀን ሻጯ እሷ፣ ፈራሚዋም እሷ ነበረች።