አንድ ዜብራን እንዴት እናጥና? ወረቀት፣ ሜትርና ስልክ ይበቃል

«ዜብራ እያለለት መሀል አስፋልት ይገባል!» ይህን የታክሲ ውስጥ ወቀሳ ያልሰማ አዲስ አበቤ የለም። እኔም እለው ነበር። አንድ ጠዋት ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ቆሜ መቁጠር ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሰዉ የሚሻገረው ታክሲ ካወረደው ቦታ ነው። ዜብራው ደግሞ ራቅ ብሏል። ዜብራው ላይ ብቻ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ብዙውን እግረኛ ሳላየው እመለስ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ጥናት ለመጀመር መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። ተማሪ፣ የሰፈር ኮሚቴ፣ ወላጅ፣ ማንም ይችላል።

ቦታውን አጥብቡ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ አጠናለሁ ያለ ሰው አንዱንም ሳያጠና ይመሽበታል። መቶ ሜትር ይበቃል። አምባሳደር ጋ ይሁን፣ ስታዲየም ጋ፣ ወይም ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል።

ከመምረጣችሁ በፊት እዚያ የሚውሉትን ጠይቁ፤ ሊስትሮውን፣ ሎተሪ አዟሪውን፣ ተራ አስከባሪውን። «ጋሼ፣ እዚህ አደጋ ይበዛል?» ካላችሁ «ኧረ ይበዛል» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። «በዚህ ሳምንት ሲጥ ብሎ የቆመ መኪና አይተዋል? የቱ ጋ? ስንት ሰዓት ላይ?» በሉ። ያኔ በጣታቸው ያሳዩዋችኋል።

ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከወረዳችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። እዚያ ለሚሠራው ትራፊክ ፖሊስም አስቀድማችሁ ንገሩ። ወረቀት ይዞ ሰዓታት የሚቆም ሰው ማጠራጠሩ አይቀርም።

መዝገቡን በጥርጣሬ አንብቡ

የክፍለ ከተማው ፖሊስ የአደጋ መዝገብ አለው። ፈቃድ ካገኛችሁ ቢያንስ የሦስት ዓመቱን እዩ፤ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓመት የሚመዘገበው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በአጋጣሚ ብቻ ከፍና ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በሰዓትና በዘመን ነው። «2 ሰዓት ላይ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የጠዋቱ ነው የማታው? ጠዋት ከሆነ ተማሪና ሠራተኛ የሚጎርፍበት ሰዓት ነው። ማታ ከሆነ ጉዳዩ የመብራት ሊሆን ይችላል። ያለዚህች አንዲት ቃል ጥናታችሁ ገደል ይገባል። ዓመቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ሪፖርት ከመስከረም ይጀምራል፣ ሌላው በበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ይቆጥራል፣ የውጭው ደግሞ ከጃንዋሪ። «2016» ብላችሁ ስትጽፉ የማን 2016 እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

እንዲያውም ስለ 2016 ካነሳን፣ በፈረንጆቹ 2016 በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሟች 4,352 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት ያወጣው ግምት ግን 27,326 ነው። ግምት ግምት ነው፤ ልዩነቱ ግን መዝገብ ላይ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ ይናገራል።

«የአደጋው ምክንያት» የሚለው ዓምድ ላይም ተጠንቀቁ። «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚለውን ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። ይህ ጥፋተኛውን ለመለየት የተጻፈ ነው። ሾፌሩ እግረኛውን ለምን እንዳላየው አይነግራችሁም። የቆመ አውቶቡስ ከልሎት ነው? የመንገድ መብራቱ ጠፍቶ ነው? እሱን ቦታው ላይ ቆማችሁ ነው የምታገኙት።

ቆማችሁ ቁጠሩ

መንገዱን በወረቀት ሣሉ። ዜብራውን፣ ታክሲ የሚያወርድበትን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን፣ ዛፉን፣ የሱቁን በር አስገቡ። ከዚያ በየ15 ደቂቃው የተሻገረውን ሰው ቁጠሩ፤ ዜብራው ላይ ስንት፣ ከዜብራው ውጭ ስንት፣ በየት በኩል። ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ ሸክም የያዙትንና በዊልቸር የሚሄዱትን ለይታችሁ ጻፉ።

አብሯችሁ የወጣ ሌላ ሰው ሾፌሮቹን ይመልከት። እግረኛ ዜብራው ላይ እግሩን አሳርፎ ሳለ የቆመው ስንት፣ ያለፈው ስንት? ሰሌዳውን በኮድ መለየት ይቀላል። በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። የማን ሚኒባስ እንደሆነ ግን አትመዝግቡ፤ ሰው ልታሳስሩ አልወጣችሁም።

ሰፊ መንገድ ላይ አንድ ነገር ለብቻው ቁጠሩልኝ። አንበሳ አውቶቡስ በትሕትና ይቆማል። እግረኛው አመስግኖ ይገባል። በሁለተኛው መስመር የምትመጣው መኪና አውቶቡሱን እንጂ ሰውየውን አታየውም። የመጀመሪያው መቆሙን አይቶ ሁለተኛው ያለፈበትን እያንዳንዱን ጊዜ ምልክት አድርጉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የትራፊክ መብራት ካለ የመንገዱን ስፋት ለኩ። 14 ሜትር መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው ወደ 12 ሰከንድ ይወስዳል። በ0.9 ለሚራመዱ እማማ ደግሞ ወደ 16 ሰከንድ ይጠጋል። አረንጓዴው ለማን እንደተሰላ በሰዓታችሁ ታውቁታላችሁ።

ፍጥነቱን ያዙ

ከመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ምልክት አድርጉ። መኪናው ከአንዱ ሌላው ጋ የደረሰበትን ሰከንድ ያዙና 180ን ለሰከንዱ አካፍሉ። 6 ሰከንድ ከወሰደ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ 3.6 ከወሰደ 50፤ 3 ከሆነ 60። በጣት መጫን ያሳስታል። በ3.6 ሰከንድ ላይ 0.3 ብትዘገዩ 50 የነበረው 46 ይሆናል። ስለዚህ በስልክ ቀርጻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱት። የሚሮጠውን እየመረጣችሁ አትለኩ፤ በየአምስተኛው መኪና ውሰዱ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ብትለኩ የምታገኙት መጨናነቅን ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና እሑድ ማለዳም ውጡ። አስፋልቱ ባዶ ሲሆን ነው እግር ነዳጅ ላይ የሚረሳው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የገዳይ አደጋ ስጋት በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ለጥቂት የተረፉትን መዝግቡ

ሰው እስኪሞት መጠበቅ ጥናት አይደለም። በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ እነ ክሪስተር ሂደን ከግጭት ይልቅ ለጥቂት የተረፈውን የሚቆጥር ዘዴ ያዳበሩት ለዚህ ነው። በቀላሉ እንዲህ አድርጉ። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ ሲጠመዝዝ ወይም እግረኛው ሮጦ ሲያመልጥ ካርታችሁ ላይ ነጥብ አኑሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ነጥቦቹ የት እንደተከመሩ ታያላችሁ።

ያንን ካርታ ነው ለትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣኑ የምታቀርቡት። ከ40 ገጽ ጽሑፍ ይልቅ አንድ ገጽ ካርታና አንድ ጥያቄ ያስኬዳል፤ «ዜብራው ታክሲው ወደሚያወርድበት ይምጣ» ወይም «ታክሲው ወደ ዜብራው ይምጣ»። ግንባታ መጠበቅም የለባችሁም። ለገሃር መስቀለኛው ላይ በቀለምና በቀላል ዕቃ የእግረኛውን ቦታ አስፍቶ መሞከር ተችሏል።

አንድ ነገር ከተቀየረ ተመልሳችሁ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ቁጠሩ። ማክሰኞ ከቆጠራችሁ ማክሰኞ። የበዓል ዋዜማ አይሁን፤ ክረምት ላይም ተማሪ ስለሌለ አይነጻጸርም። ካፊያ ከጀመረ ሰዉ ሁሉ ይሮጣል። ያኔ ወረቀቱን አጥፋችሁ እናንተም ግቡ፤ ሌላ ማክሰኞ አለ።