ለትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ኬዝ ከመግዛታችሁ በፊት

ባሪቶን ሳክስፎኔ (ትልቁ ዓይነት ሳክስፎን) ኬዙ፣ ማለትም መያዣ ሳጥኑ፣ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አንድ ሰው ሲያልፍ ነካ አደረገውና በጎኑ ወደቀ። አነሳሁት፣ ዙሪያውን አየሁት፣ ጭረት እንኳን የለውም። ተመስገን ብዬ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ማታ አውጥቼ ስነፋው ግን የታችኞቹ ድምፆች በሙሉ እምቢ አሉኝ። ጠጋኙ ገና እንዳየው በጣት የሚጫኑት ቁልፎች ረጃጅም ዘንጎች መጉበጣቸውንና ሁለት ፓዶች (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ክዳኖች) ቀዳዳቸው ላይ አለመግጠማቸውን አሳየኝ። ኬዙ ጠንካራ ነበር። ችግሩ ሳክስፎኑ ውስጡ ሁለት ጣት ያህል መንቀሳቀሻ ቦታ ነበረው፣ ኬዙ መሬት ሲመታ እሱ ደግሞ ከውስጥ ኬዙን መታው።

ከዚያ ወዲህ ኬዝ ምረጥልኝ ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ከውጪው ቅርፊት በፊት ውስጡን እዩ። መሣሪያው ውስጡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቅርፊቱ ብረትም ቢሆን አያድነውም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜትር አውጡና የራሳችሁን መሣሪያ ለኩ። «ለባሪቶን» የሚል ጽሑፍ አይበቃም። ሎው ኤ እስከሚባለው ዝቅተኛ ድምፅ የሚወርደው ባሪቶን እስከ ሎው ቢ ፍላት ብቻ ከሚወርደው አፉ (ድምፁ የሚወጣበት ሰፊው ጫፍ) ረዘም ይላል፣ ለአጭሩ የተሠራ ኬዝ ረጅሙን አይችለውም፣ ለረጅሙ የተሠራው ውስጥ ደግሞ አጭሩ ይንገላታል። ባስ ክላሪኔትም ላይ እንዲሁ ነው፤ እስከ ሎው ሲ የሚወርደው እስከ ኢ ፍላት ከሚወርደው በግልጽ ይረዝማል። ጠቅላላ ርዝመቱን፣ የአፉን ስፋትና ቁልፎቹ በጣም ወጣ ያሉበትን ቦታ ለክታችሁ ጻፉ። የድሮ ሳክስፎን ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙዎቹ የድሮ ሳክስፎኖች ላይ አፉ ላይ ያሉት ትልልቅ ቁልፎች በግራ በኩል ናቸው፣ የዛሬዎቹ ግን በቀኝ። ለዛሬው ተብሎ የተቀረጸ ፎም የድሮውን ልክ ቁልፉ ላይ ይጫነዋል።

ጥሩ ኬዝ መሣሪያውን የሚይዘው ጠንካራ ቦታው ላይ ነው። ሳክስፎን ከሆነ የአፉ ዙሪያ፣ የታችኛው ጥምዝና የላይኛው የቱቦው ጫፍ ይደገፋሉ፣ ቁልፎቹና ዘንጎቹ ግን ምንም ሳይነካቸው በባዶ ቦታ ይቀመጣሉ። መሞከሩ ቀላል ነው። መሣሪያውን አስገቡና ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። እንዲዘጋ መግፋት ካስፈለጋችሁ ክዳኑ ቁልፍ እየተጫነ ነው፣ አትግዙት። ከተዘጋ በኋላ ቆልፋችሁ በትንሹ ወዝውዙት። ከዚያ አቁሙት፣ በዚህኛውም በዚያኛውም ጎን አስተኙት፣ በእያንዳንዱ ላይ አዳምጡ። ድፍን የሆነ «ዱብ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መሣሪያው እየተንቀሳቀሰ ነው። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ አፉ ዙሪያና ታችኛው ጥምዝ ጋ ጠንከር ያለ ፎም ቆርጦ መጨመር ይቻላል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው የድሮ ኬዜን ያዳንኩት። ቁልፍ ላይ ግን በፍጹም ምንም አትጠቅጥቁ።

ፎሙን በጣታችሁ ተጫኑት። ጣታችሁ እስከ ታች ዘልቆ ቅርፊቱን ከነካ የሶፋ ስፖንጅ ነው፣ ለዚህ ክብደት አይሆንም። ጣትን ገፋ የሚያደርግና ቀስ ብሎ የሚመለስ ነው የሚፈለገው። ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ዓይነት ነጭ ፎም ያለባቸው ቀላል ኬዞችም አሉ። መጥፎ አይደሉም፣ ትልቅ ምት ሲመጣ ፎሙ ራሱ ተጨፍልቆ ምቱን ይውጠዋል። አንዴ ከተጨፈለቀ ግን አይመለስም። ከከባድ ውድቀት በኋላ ገበሩን ገልጣችሁ ካላያችሁት የሌለ መከላከያ ተማምናችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ስለ ቅርፊቱ። ለስላሳ ቦርሳ ከጭረትና ከአቧራ ብቻ ነው የሚያድነው፣ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ አልመክረውም። ዚፕ ያለው ከፊል ጠንካራ ኬዝ ለዕለት ተዕለት ጥሩ ነው። ኤቢኤስ ፕላስቲክና ፋይበር ግላስ ጠንከር ይላሉ፣ ካርቦን ፋይበር ቀላልም ጠንካራም ነው ግን ዋጋው ያስደነግጣል። ኮምፔንሳቶ የሆኑት የድሮ ኬዞች በደንብ ይጠብቃሉ፣ ክብደታቸው ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ባሪቶን ብቻውን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፣ በዚያ ላይ ከባድ ኬዝ ሲጨመር ከ12 ኪሎ በላይ ተሸክማችሁ ደረጃ ልትወጡ ነው። የደከመ እጅ ኬዙን ከበሩም ከደረጃውም ጋር ያላትመዋል። እኔ ብዙ በእግሩና በታክሲ ለሚሄድ ሰው ልክ የሆነ ቀላል ኬዝ ከከባዱ ይሻላል ባይ ነኝ። መሣሪያው ከሌላ ዕቃ ጋር መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ ደግሞ የግድ ጠንካራው ነው።

እጀታው እንዴት እንደታሰረ ሳታዩ አትግዙ። ሁለት ትንንሽ ቪት ፕላስቲክ ላይ ብቻ ከገቡ አንድ ቀን ተነቅሎ ይቀራል። ከውስጥ በኩል ብረት የደገፈው መሆን አለበት። የማንገቻው መንጠቆም ብረት ይሁን። መቆለፊያዎቹን በሙሉ ዝጉ፣ ሁልጊዜ፣ ለአንድ ደቂቃ ብታስቀምጡትም እንኳን፤ ያልተቆለፈ ኬዝ ሌላ ሰው ሊያግዝ ብሎ ሲያነሳው ተከፍቶ መሣሪያው መሬት ይወርዳል። ጎማ ያለው ከሆነ ትልልቅና ለስላሳ ጎማ ይሻላል። ትንንሾቹ ጠንካራ ጎማዎች እየነዘሩ የመሣሪያውን ቪቶች ያላላሉ፣ ኮብልስቶን ላይ ከሆናችሁ ተሸከሙት።

ባሱን (bassoon) የሚባለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ወደ 1.34 ሜትር ቢቆምም በ4 ክፍል ስለሚፈታ ኬዙ አጭር ነው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ጎድጓዳ ይኑረው፣ ቀጭኑ የብረት ቱቦ (ቦካሉ) ደግሞ ምንም የማይነካው ቦታ። እሱ ትንሽ ከጎበጠ ድምፁ ይለወጣል። ባስ ክላሪኔት ላይ በአንድ ወጥ ኬዝና በሁለት በሚከፈል ኬዝ መካከል መምረጥ ይኖርባችሁ ይሆናል፤ የሚከፈለው ለመያዝ ይመቻል፣ ግን በየቀኑ ሲገጣጠምና ሲፈታ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቁልፍ ይጎብጣል። የእንጨት ከሆነም ድንገተኛ ሙቀትና ድርቀት ይሰነጥቀዋል። ወፍራም ገበር ያለው ኬዝ ለውጡን ያዘገየዋል። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይስማማዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን ማንኛውንም መሣሪያ አትተዉ፣ ፓዶቹ የተጣበቁበት ሙጫ ይለሰልሳል።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ኬዙን ከመግዛታችሁ በፊት ደምሩ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎና የርዝመት፣ የወርድና የቁመት ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው። 110 በ40 በ28 የሆነ የባሪቶን ኬዝ ድምሩ 178 ይመጣል፣ ስለዚህ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ወደ ጭነት ክፍል የሚገባ ከሆነ የሳክስፎኑን አንገትና ማውዝፒሱን (በአፍ የሚያዘውን መንፊያ) አውጥታችሁ ለብቻ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙ፣ ትልልቆቹ ቁልፎች ሥር ቁራጭ ቡሽ አድርጉ እንዳይንቀሳቀሱ።

የኖታ ወረቀት የሚያስቀምጡበት ኪስ ከውጪ ያለው ኬዝ ምረጡ። ውስጥ ቁልፎቹ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን መዝጋት መሣሪያውን ቀስ በቀስ ማጉበጥ ነው። የጠረጋችሁበትን እርጥብ ጨርቅም እዚያው የውጪ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ያገለገለ ኬዝ የምትገዙ ከሆነ ከፍታችሁ መጀመሪያ አሽትቱት። የሻገተ ሽታ ካለው ገበሩ ውስጥ ገብቷልና በቀላሉ አይለቅም፣ እሱን ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።