ዲናሞ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የድሮ ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 የመሪ ዘይት ሲያፈስ በራሳችሁ እንዴት ትጠግኑታላችሁ

ከ1990 እስከ 1994 ሞዴል ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 ያላችሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ መብራት በራ ብላችሁ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን) ለመግዛት አትሩጡ። እኔ በአንድ አመት ሁለት ዲናሞ ነው የቀየርኩት፣ ጋራዥ ወሰድኩት "ዲናሞው ሞቷል" አሉኝ፣ አዲስ ገባለት፣ ስድስት ወር ሳይሞላ መብራቱ ድጋሚ በራ። ከላይ ያለውን ፓምፕ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በዚህ መኪና የመሪው ፓምፕ ከዲናሞው በላይ ነው ያለው፣ ስለዚ ፓምፑ ሲያንጠባጥብ ዘይቱ ቀጥታ ዲናሞው ውስጥ ነው የሚገባው።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ፓምፑ ራሱ ሳይሆን እሱ ላይ የታሰረች ትንሽ ቫልቭ ናት። ፓርክ ስታደርጉ መሪ ስትጠመዝዙ ፓምፑ ሞተሩን ይጫነዋል፣ ቫልቯ ያኔ ትርፍ አየር ታሳልፍና ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እንዳይወርድ ትይዘዋለች። ስታረጅ ግን ሞተሩ በአየር ቱቦዋ በኩል ዘይቱንም አብሮ ይስበዋል። መሬቱ ደረቅ ሆኖ የመሪ ዘይት እየጎደለ፣ ከማርሚታው ደግሞ ነጭ ጭስ ከወጣ እሷን ጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ከቫልቯ የሚወጡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በፒንሳ ነቅላችሁ ጣታችሁን አፋቸው ላይ አድርጉ። ደረቅ መሆን ነበረባቸው። የኔ ቀይ ዘይት ጣቴ ላይ ተንጠባጠበ፣ ቱቦው ራሱ አብጦ እንደ ማስቲካ ልስልስ ብሎ ነበር። እንዲህ ካገኛችሁት ቫልቯን ከነቱቦዎቿ ግዙ፣ የድሮ ቱቦ መልሳችሁ አትግጠሙ።

ስራውን ስትጀምሩ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ፍቱ፣ ዲናሞው ላይ ሁሌም ኤሌክትሪክ ስላለ ይሄን አትዝለሉት። ዲናሞውን በፌስታልና በጨርቅ ሸፍኑ። ዘይቱን ከመሪ ዘይት ጣሳው በሲሪንጅ ምጠጡ፣ ከዛ ጣሳውን ፈታችሁ ውስጡን እዩ፣ ታች ወንፊት አለው፣ ጥቁር ጭቃ ይዞ ይዘጋል። መሪው ሲዞር እንደ ማልቀስ የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፣ ሰው ግን ፓምፕ ያስቀይራል። በፍሬን ማጠቢያ ስፕሬይ እጠቡትና በደንብ ይድረቅ። ቫልቯን ፍቱ፣ አዲሷን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ጥርሱ በትክክል መያዙን ስታውቁ ብቻ በቁልፍ አጥብቁ፣ ቱቦዎቹንም ግጠሙ።

የምትሞሉት ዴክስሮን ሶስት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሱቅ ያለውን ማንኛውንም "የመሪ ዘይት" አትጨምሩበት።

አሁን አየሩ ይውጣ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስታችሁ ስታንድ ላይ አሳርፉት፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር በፍጹም እንዳትገቡ። ሞተሩን ሳታስነሱ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያላችሁ አስር አስራ አምስት ጊዜ አዙሩ፣ ዘይቱ ሲወርድ እየጨመራችሁ። ከዛ ዲናሞውን የሸፈናችሁበትን ፌስታልና ጨርቅ አንስታችሁ፣ ባትሪውን መልሳችሁ አስነሱትና ድገሙት፣ ጥግ ላይ ግን ይዛችሁ አትቆዩ፣ ፓምፑን ይጎዳዋል። ዘይቱ አረፋ ካለው አጥፉትና ትንሽ ይረፍ።

መጨረሻ ላይ ሞተሩ እየሰራ ባትሪውን በመልቲሜትር ለኩ፣ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካነበበ ዲናሞው ደህና ነው። ጭሱ ወዲያው ባይጠፋ አትደንግጡ፣ ሞተሩ የሳበው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው። የኔ ሶስት ቀን ፈጀ፣ ዘይቱ ግን ከዛ ወዲህ ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም።